ሁለት ደቂቃ የተፈቀደለት ምርቃት

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ በፉጨት ተጀመረ። ወልድያ መናኸሪያ ፊት ለፊት ቴፕና ሬዲዮ ስጠግን ኖሬ፣ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ረዳት የድምፅ ሠራተኛ ሆኜ የተቀጠርኩት ሰኞ ቀን ነው። በዚያው ሰኞ አንድ አምባሳደር ሊጎበኙን መጡ። ሲለማመዱት የሰነበቱትን «እንደምን አላችሁ» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ እኔ ማይኩን ከስፒከሩ ፊት ለፊት አቁሜው ኖሮ፣ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ለቀቀው። አምባሳደሩ ጆሯቸውን ያዙ። ሕዝቡ አጨበጨበ።

የፕሮቶኮል ኃላፊያችን አቶ ካሳ ግን አላጨበጨቡም። የወልድያ ልጅ ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ በበጋም በክረምትም ከረባታቸውን የማይፈቱ፣ ሰዓታቸውን ሳያዩ ሰላምታ የማይሰጡ ሰው። ሁሉም ከተበተነ በኋላ ጠሩኝና፣ «ጌታው፣ በዚህ ሥራ ስሙ የሚነሳው ያጠፋ ሰው ብቻ ነው። ስምህ እንዳይነሳ አድርገህ ሥራ» አሉኝ። ምክራቸውን ሃያ ዓመት ሙሉ ጠበቅሁት። ያልጠበቅሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ የማወራችሁም ስለዚያ ቀን ነው።

አሁን ወደ ሙያው የገባችሁ ልጆች ሥራው ከስልክ ጋር የሚያያዝ ትንሽ ሳጥን ይመስላችሁ ይሆናል። በእኛ ጊዜ እንግዳው ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ቦታው ላይ እንገኛለን። ጄኔሬተሩን ጭሱ ወደ እንግዳው በማይሄድበት በኩል እናቆማለን። ገመዱን በናስትሮ ከመሬት ጋር እናጣብቃለን፤ ባለሥልጣን ሲራመድ እግሩ ሥር አያይም። መጠባበቂያ ማይክ በኪሳችን እንይዛለን። የሚነገረውን ሁሉ ድምፁን ከምናስተካክልበት ሚክሰር ላይ በፍላሽ እንቀዳለን። ከዚያ አቶ ካሳ መርሐ ግብሩን ይሰጡናል። እዚያ ወረቀት ላይ ሁሉም ነገር በደቂቃ ተከፋፍሏል፤ መጨባበጥ እንኳ የራሱ ደቂቃ አለው።

ነገሩ የሆነው የአንድ ሩቅ አገር ፕሬዚዳንት አገራችንን ሊጎበኙ የመጡ ጊዜ ነው። ከመሪያችን ጋር ሆነው ሲሪንቃ ላይ የማሽላ ሙከራ ማሳ እንዲያዩ ተወሰነ። አስቀድሞ ዝግጅቱን የሚያጣራ ቡድን ከአዲስ አበባ መጣ። ሰዎቹ ከሄሊኮፕተሩ ማረፊያ እስከ ድንኳኑ ስንት እርምጃ እንደሆነ ቆጠሩ፤ ፕሬዚዳንቱ አጭር መሆናቸው ሲነገራቸው ደግሞ እንደገና ቆጠሩ። አቧራ እንዳይነሳ በቦቴ ውሃ አስረጩ። መሬቱ ሲጨቀይ ደረቅ አፈር አስደፉበት። መንገድ ዳር ያለው የመጀመሪያው ረድፍ ማሽላ ቅጠሉ አንድ በአንድ በጨርቅ ተወለወለ። ሁለተኛው ረድፍ ሳይቀና አልቀረም።

መርሐ ግብሩ ላይ «የአገር ሽማግሌ ምርቃት፣ 2 ደቂቃ» የሚል ነበረበት። መራቂው ሼህ ይመር ናቸው። ከመርሳ በታች፣ ከወንዝ ማዶ ካለች የሀብሩ ቀበሌ ነው የመጡት። በዚያ አካባቢ እርቅም ሠርግም ያለ እሳቸው ምርቃት አይጠናቀቅም፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ይጠራቸዋል። ማይኩን ላለማምዳቸው ሄድኩና፣ «አባባ፣ የተሰጠዎት ሁለት ደቂቃ ነው» አልኳቸው። ማይኩን አገላብጠው አዩት።

«ሁለት ደቂቃ ብቻ የሚመረቀው ምን ያጠፋ ሰው ነው?» አሉኝ።

አቶ ካሳ ሰምተው ስለነበር ወደ ጎን ሳብ አደረጉኝ። ሁለት ደቂቃው ሲሞላ ድምፁን ቀስ በቀስ እንዳወርደው አዘዙኝ። ሽማግሌው አያውቁም፣ ሕዝቡ ያለቀ ይመስለዋል፣ እንግዳው ወደ ማሳው ያልፋሉ። ለሌላ ተናጋሪ ብዙ ጊዜ ያደረግነው ነገር ስለሆነ እሺ አልኩ።

ሼህ ይመር በትራቸውን ተደግፈው ጀመሩ። «በሰላም ያመጣችሁ አላህ በሰላም ይመልሳችሁ።» ሕዝቡ ሁለት መዳፉን ወደ ላይ ዘርግቶ ግማሹ «አሚን»፣ ግማሹ «አሜን» አለ። ሚክሰሬ ላይ ያለው መብራት ለሁለቱም እኩል በራ። መሪያችንም እጃቸውን ዘረጉ። ፕሬዚዳንቱ ግራ ቀኙን አዩ። ከኋላቸው የቆመችው አስተርጓሚ ጆሯቸው ላይ አንድ ነገር ስትላቸው እሳቸውም መዳፋቸውን ዘርግተው «አሜን» አሉ። ጥሩ አድርገው ነው ያሉት።

ሁለት ደቂቃ ሞላ። ሽማግሌው ገና ለከብቱ ሣር፣ ለደመናው ዝናብ እየለመኑ ናቸው፤ ሰው ላይ አልደረሱም። ድምፁን ላወርድ ብል እጄን አጣሁት። ሁለቱም እጆቼ እንደ ሰው ሁሉ ተዘርግተዋል። ወሎ ተወልዶ፣ ከምርቃት መሃል አንድ እጁን መልሶ በዚያው እጁ የመራቂውን አፍ የሚዘጋ ሰው ካለ እሱ ይፍረድብኝ። እኔ አልቻልኩም። ወደ አቶ ካሳ አየሁ። የእሳቸውም መዳፎች ተዘርግተዋል፤ ሰዓታቸውን ማየት እንኳ አልቻሉም። ከንፈራቸው አሜን ይላል፣ ዓይናቸው ግን እኔን ይገላምጣል።

ሼህ ይመር አገሩን፣ እንግዳውን፣ አስተርጓሚዋን፣ የሄሊኮፕተሩን አብራሪ ሳይቀር መረቁ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። እኔም ሳላስበው አንድ እጄን ልኬ ከፍ አደረግሁላቸው፤ ለማውረድ ያልታዘዘልኝ እጅ ለመጨመር ጊዜ አልፈጀበትም።

«ምጥ የያዛትን ሴት ከወንዝ ዳር አታስቀርብን» አሉ። ሕዝቡ አሚን አለ። «በክረምት የሚያሻግረን ድልድይ በእነዚህ በሁለቱ ሰዎች እጅ አሠራልን።»

መሪያችን ከሕዝቡ ጋር «አሜን» አሉ። ፕሬዚዳንቱ አስተርጓሚዋ እስክትጨርስ ጠበቁ። ከዚያ ሁሉም ዝም ካለ በኋላ ለብቻቸው «አሜን» አሉ።

ምርቃቱ አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ። የማሳው ጉብኝት በግማሽ ተቆረጠ፤ ያ ሁሉ የተወለወለ ማሽላ በወጉ ሳይታይ ቀረ። አቶ ካሳ ከጄኔሬተሩ ኋላ ወሰዱኝና ለምን እንዳላወረድኩት ጠየቁኝ። እጄ ተዘርግቶ ነበር አልኳቸው። የእሳቸውም እንደተዘረጋ አንዳችንም አላነሳንም። ከዚያ ቅጂውን እንዳጠፋው አዘዙኝ፤ ልመና መርሐ ግብሩ ላይ የለም፣ መሪዎች ፊት ያልተፈቀደ ጥያቄ መቅረቡ የሚያስጠይቀው እሳቸውን ነው። እሺ አልኩ። በመሥሪያ ቤታችን እሺ ማለት ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ምርቃት ማጥፋት ፈራሁ። ፍላሹን ቤቴ ወስጄ ቁምሳጥን ውስጥ ከሸሚዞቼ ሥር አኖርኩት።

በዜናው ሁለቱ መሪዎች መዳፋቸውን ዘርግተው ታዩ። የሚሰማው ግን የዜና አንባቢዋ ድምፅ ነበር፤ ስለ ሁለቱ አገሮች ግንኙነት መጠናከር ትናገራለች። ሼህ ይመር አፋቸው ሲንቀሳቀስ ታይቶ አለፈ። በሳምንቱ እኔ ከመድረክ ሥራ ተነስቼ በድምፅ ማጉያ መኪና ላይ ተመደብኩ። ከውርጌሳ እስከ መርሳ እየዞርኩ የከብት ክትባት ቀን ማስታወቅ ጀመርኩ። አምባሳደር ከማስተናገድ በሬ ማስተናገድ ይቀላል፤ በሬ ደቂቃ አይቆጥርም።

አንድ የገበያ ቀን መርሳ ላይ ሼህ ይመርን አገኘኋቸው። ትከሻ ተሳሳምንና ፍራፍሬ ሻጮቹ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ለምን ድልድይ እንደለመኑ ጠየቅኳቸው። ልጃቸው ዘሐራ ባለፈው ክረምት ምጥ ይዟት በቃሬዛ ወደ መርሳ ሲያመጧት ወንዙ ሞልቶ እንደጠበቃቸው ነገሩኝ። ውሃው እስኪጎድል ዳር ላይ ተቀመጡ። ሲጎድል ልጅቱ ተረፈች፣ ሕፃኑ ግን አልተረፈም። በቀበሌም በወረዳም አመልክተዋል፤ ይታያል ተብለዋል። የሚመጣው ክረምት ሌላ ሴት እዚያው ዳር ያስቀምጥ ይሆናል ብለው ይሰጋሉ።

«ግን ግድ የለም» አሉኝ። «ሁለቱም አሚን ብለዋል። አሚን ያለ ሰው ዝም አይልም።»

አፈርኩ። ድምፃቸው ከዜናው እንደተቆረጠ፣ ቃላቸው የሚገኘው ሸሚዞቼ ሥር ባለ ፍላሽ ውስጥ ብቻ እንደሆነ ልነግራቸው አፌ አልታዘዘልኝም። ፍላሹን ወዴት ልውሰደው ብዬ ሳስብ ሰነበትኩ። ብወስደው ትእዛዝ መጣሴ ይታወቃል፤ ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ዓመት የቀረው ሰው ደግሞ ደፋር አይደለም። ዝም አልኩ። ይህንን ለመናገር አሁንም ይከብደኛል።

ወራት አልፈው መሪያችን ለአጸፋ ጉብኝት ወደዚያ ሩቅ አገር ሄዱ። በሬዲዮ ስለ ንግድና ስለ አየር በረራ ስምምነት ሰማን። በማግስቱ አቶ ካሳ ራሳቸው ደውለው መኪናዬን የትም ባለሁበት አቁሜ ወልድያ እንድመጣ ነገሩኝ። ስደርስ የመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ አንድ መሐንዲስና አቶ ካሳ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል። ነገሩ እንዲህ ነው። እራት ላይ ፕሬዚዳንቱ መሪያችንን፣ ያ ሽማግሌ የለመኑት ድልድይ ምን ደረሰ፣ እኔም እኮ አሜን ብዬበታለሁ ብለው ጠይቀዋል። አብረው ከሄዱት አንዱም መልስ አልነበረውም። ቃለ ጉባኤው ላይ የተጻፈው «ምርቃት ተካሂዷል» ብቻ ነው። እናም ከላይ ስልክ መጣ፤ ምን እንደተባለ ቃል በቃል ይላክ ተባለ።

ኃላፊው ቅጂው ይኖር እንደሆነ ጠየቁ።

«አጥፋው ብዬው ነበር» አሉ አቶ ካሳ።

«አላጠፋሁትም» አልኩ።

አቶ ካሳ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱና ለመጀመሪያ ጊዜ ከረባታቸውን ላላ አደረጉ። ቤቴ ደርሼ ፍላሹን አመጣሁ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካሁት። የሼህ ይመር ድምፅ ክፍሉን ሞላው። በመጀመሪያው ምርቃት ኃላፊው እጃቸውን ከጠረጴዛው ላይ አንስተው ዘረጉ። መሐንዲሱ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከድልድዩ ጋ ስንደርስ ሦስቱም በአንድነት «አሜን» አሉ። ቢሮ ውስጥ መሆናቸው ትዝ ያላቸው ከዚያ በኋላ ይመስለኛል። ኃላፊው እጃቸውን ቀስ ብለው መለሱና፣ «ቦታው የት ነው?» ብለው መሐንዲሱን ጠየቁ። መሐንዲሱ አያውቅም። የማውቀው እኔ ነበርኩ።

ድልድዩ ክረምቱ ሳይገባ ተጠናቀቀ። ትልቅ አይደለም፤ እግረኛ፣ ቃሬዛና የተጫነ አህያ የሚያሳልፍ የብረት ድልድይ ነው። በምረቃው ቀን ከሁለቱ መሪዎች አንዳቸውም አልነበሩም፤ ስለዚህ ማንም እርምጃ አልቆጠረም። እኔም ወደ መድረክ ሥራ ተመለስኩ። ደብዳቤው ላይ ምክንያቱ «ለሥራው አስፈላጊነት» ይላል፤ የፈረሙት አቶ ካሳ ናቸው።

ጡረታ በወጣሁ ዓመት ነሐሴ ላይ ወደዚያ ሄጄ ነበር። ወንዙ ሞልቶ ድንጋይ እያንከባለለ ይወርዳል። ዘሐራን ከመርሳ ጤና ጣቢያ ስትመለስ ድልድዩ ላይ አገኘኋት። የሦስት ቀን ልጅ አዝላለች። አባቷ ከኋላዋ በበትራቸው ብረቱን ቀጭ ቀጭ እያደረጉ ይሻገራሉ። ሰላም አለችኝ፤ ማን እንደሆንኩ አታውቅም። ሼህ ይመርም አልነገሯትም፣ እኔም አልነገርኳት። ሕፃኑን እንዳይ ፊቱን ገለጥ አደረገችልኝ። ከዚያ ዝናብ ስለመጣ ቶሎ ብለው ሄዱ። እኔ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

ለሙያ ልጆቼ የምለው ይህን ብቻ ነው። የድምፅ ሠራተኛ የሚቀጠረው የሰው ድምፅ እንዲሰማ ለማድረግ ነው። መዝጋት ካስፈለገ ለመዝጊያው ሌላ ሰው ይቅጠሩ።