ግድግዳው ላይ የወጣው ወፍራም ፊደል

በጋናዋ ኤልሚና ከተማ ኮቢና ኤሱማንን የማያውቅ የለም። በቤተ ክርስቲያናችን የመዝሙሩን ግጥም በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ የሚያወጣልን እሱ ነው። ኤኩዋን ከወደዳት ሦስት ዓመቱ፤ እሷም ትወደዋለች። እናቷን ማሜ አራባን ግን «ልጅዎን ይስጡኝ» ማለት ሞት ሆኖበታል። በእኛ አገር ልጅ የምትጠየቀው ሽማግሌና የመጠጥ ጠርሙስ ይዞ በር በማንኳኳት ነው።

ፊደሉስ? አቤት ፊደሉ! እንደ ሰርግ መጥሪያ የተጠማዘዘ፣ ያውም ቢጫ በነጭ ላይ። ሁለት እሁድ ሙሉ የሚያነበው ጠፍቶ መዝሙሩ መሃል ላይ ተሰበረ። በእኛ ዘንድ አሮጊቶች ስብከት አቋርጠው ቢያዜሙ ነውር የለውም። ማሜ አራባ ብድግ ብለው፣ «ፊደል ነው ሸርጣን፣ ግድግዳ የሚቧጥጥ!» ብለው አወጡ፤ ጓደኞቻቸው ተቀበሉ። እኔ ከበሮ መቺው በሳቅ ምቴን ሳትኩ።

ሰኞ ኮቢና ፕሮጀክተሩን ተሸክሞ፣ እኔን አስከትሎ፣ ማሜ ኬንኬ የሚባለውን የበቆሎ ሊጥ በቅጠል ወደሚጠቀልሉበት ቤት ሄደ። ብቻውን ይፈራላ!

«ማሜ፣ ይሄ ይነበባል?»

«ይሄ ጢም ነው ፊደል?»

«ይሄስ?»

«ምነው ከሳ? ቁርስ አልበላም እንዴ?»

በመጨረሻ ጌጥ የሌለው ወፍራም ነጭ ፊደል ጥቁር ሰማያዊ ላይ አወጣ። ማሜ ከጓሮ በር ሆነው፣ እጃቸው ሊጥ እንደሆነ፣ አንድ ሳይስቱ አነበቡት።

«አሁን ገና ሰው ሆንክ!»

ኮቢና ስለ ኤኩዋ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ፕሮጀክተሩን ነቅሎ ተሸከመ።

«አንተ ቦቅቧቃ!» አልኩት መንገድ ላይ። «አፍህ እምቢ ካለ ጻፈዋ!»

እውነትም ጻፈው። ልቡ የሞላ ቀን ለማሜ ብቻ ሊያሳይ አስቦ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ከመዝሙሮቹ ቀጥሎ አስቀመጠው።

የመከር በዓል እሁድ ሰው ጢም ብሎ ሞልቷል። ሁሉም እያነበበ ሲዘምር ጣሪያው ሊነሳ! ሁለተኛው መዝሙር ሲያልቅ ኮቢና በደስታ ቁልፉን አንዴ አብዝቶ ተጫነ። ግድግዳው ላይ፣ በዚያ በወፍራሙ ፊደል፣ ይህ ወጣ፦

«ማሜ አራባ ሆይ፣ ኤኩዋን ስጡኝ፣ ከልቤ እወዳታለሁ።»

የእኛ ምእመን ግድግዳ ላይ የወጣውን ሁሉ ይዘምራል። ዘመረውም! ሦስት መቶ ሰው፣ ያውም ሁለቴ! እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከበሮዬን ደለቅሁት። ኤኩዋ ፊቷን በመዝሙር መጽሐፏ ሸፈነች። ኮቢና ጠረጴዛ ስር ገባ።

ማሜ አራባ ቀስ ብለው ተነሡና ዜማውን ከዚያው አነሱት፦

«ሽማግሌ ይዞ፣ ጠርሙስ ይዞ፣ መጥቶ በሬን ያንኳኳ!»

«ያንኳኳ! ያንኳኳ!» አሉ አሮጊቶቹ፣ ነጭ መሐረባቸውን እያውለበለቡ።

ከጠረጴዛው ስር፣ ኳ፣ ኳ፣ ኳ የሚል ድምፅ ተሰማ።