ፀሐይን ያልመለሰው ቀይ ጨርቅ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከአዲስ አበባ መነጽር ይዛልኝ መጣች። ቤት ውስጥ እንደ ውሃ የጠራ ነው፤ ወደ ደጅ ስወጣ ራሱ ይጠቁራል፣ ስገባ ደግሞ ይጠራል። ስገባና ስወጣ አይታ ልጄ ሳቀችብኝ። አብሬያት ሳቅሁ፤ ኋላ ግን መነጽሩን አውልቄ ቁጭ አልኩ። ብርሃን ሲነካው የሚለወጥ ነገር ባየሁ ቁጥር አሪየት ትመጣብኛለች። መነጽር ይቅርና ፀሐይ የበላው መጋረጃም ይበቃኛል።

ያኔ ጋምቤላ ከአንድ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ ፎቶ አጥብ ነበር። ከጎሬ ከወረድኩ ገና ዓመት አልሞላኝም፤ ሙቀቱን እስክለምደው ድረስ የመጣሁበትን ቀን እየረገምኩ ነው የከረምኩት። ባለቤቱ ጋሽ ሙሉጌታ ከፊት ሆኖ ሰው ያነሳል፣ እኔ ከኋላ ጨለማ ክፍል ውስጥ በቀይ አምፖል አትማለሁ። የፎቶ ወረቀት የቀን ብርሃን ካየ አለቀለት፣ ይጠቁራል። ቀይ ብርሃን ግን ምንም አያደርገውም። ይህን እንደ ትልቅ ምሥጢር በሄድኩበት ሁሉ አወራ ነበር።

አሪየት የአኙዋ ልጅ ናት፤ እኩያዬ። ቆዳዋም ፀጉሯም ከተወለደች ጀምሮ ነጭ ነው። ዛሬ አልቢኖ ይሏቸዋል፤ ያኔ የሰፈር ልጆች «ፈረንጅ» ይሏት ነበር። እናቷ ጉልበቷን ታማ ቤት ስለዋለች ባሮ ዳር ዓሣ ተቀብላ የምትሸጠው እሷ ነበረች። ጀልባዎቹ ሲደርሱ ካልተገኘች ዓሣውን ሌላ ሰው ይወስደዋል፤ ዓሣ ደግሞ በጋምቤላ ሙቀት እስኪመሽ የሚጠብቅ ነገር አይደለም።

ቀትር ላይ ፀሐይ ስትበረታባት ወደ እኔ ጨለማ ክፍል ትመጣለች፤ ወራቱ ከሆነ ማንጎ ይዛ፣ ካልሆነ የዓሣ ሽታዋን ይዛ። ደጅ ዓይኖቿ ሁልጊዜ እንደተጨፈኑ ናቸው። በደንብ ተከፍተው ያየኋቸው እዚያ፣ በቀዩ ብርሃን ነው። ቆንጆ ዓይን ነበራት።

ጆሮዋ ላይ አንድ ቁስል ነበር፤ ይደርቅና መልሶ ይደማል። ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድኩ። ጤና ረዳቱ አገላብጦ አየና «ፀሐይ እንዳትነካሽ» አላት።

«የት ልሂድ?» አለችው።

የቁስል ቅባት ሰጠን። ደግ ሰው ነበር፤ ምን ያድርግ።

በዚያው ሰሞን ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ወረቀቱን ቀይ ብርሃን ካልጎዳው እሷን ለምን ይጎዳታል? ለጋሽ ሙሉጌታ ብነግረው «ነገሩ ልክ ነው እኮ» አለ። ፎቶ ቤት የሚውል ሰው ሌላ ምን ይላል? ሙቀቱን እንድትችለው ብዬ ስስ ቀይ ጨርቅ መርጬ ከራስ እስከ ክርን የሚሸፍናት አድርጌ ሰፋሁላት። «ጨለማ ክፍል ለበስኩ» እያለች ባሮ ዳር ስትሄድ ዓሣ አጥማጆቹ ያፏጩላት ነበር። ደስ አላት። እኔማ ያዳንኳት ነው የመሰለኝ።

ትከሻዋ ግን መላጡን አልተወም። አንድ ቀትር ገብታ «ጥሩዬ፣ ይሄ ጨርቅ ይዋሻል» አለችኝ።

በወረቀቱ እንፈትነው ተባባልን። ቁራጭ የፎቶ ወረቀት በጥቁር ላስቲክ ጠቅልዬ አወጣሁ። ከጨርቁ ሥር ትከሻዋ ላይ አኖርኩትና ላስቲኩን ቀስ ብዬ ሳብኩት። በራፉ ላይ ፀሐይ ውስጥ ቆመች፤ ጋሽ ሙሉጌታም ወጥቶ አጠገቧ ቆመ። ብዙም አልቆየን። ጨለማ ክፍል ተመልሰን ጨርቁን ስገልጠው ወረቀቱ ጠቁሯል።

አሪየት ወረቀቱን አገላብጣ አየችው፤ ከዚያ መደርደሪያው ላይ ያለውን የወረቀት ሳጥን በአገጯ አሳየችኝ።

«ወረቀት ሳጥን አለው» አለች። «እኔ ሳጥን የለኝም።»

ሥራ ያለብኝ መስዬ የታጠበውን ፎቶ መልሼ ማጠብ ጀመርኩ።

ከዚያ ወዲያ ወፍራም ጨርቅም ጃንጥላም ሞከርን። ቁስሉ ግን አንዴ ተነሥቷል፤ ከጆሮዋ ወደ አንገቷ ወረደ። አዲስ አበባ ድረስ ተወስዳ ታየች፤ ካንሰር ነው፣ ዘግይቷል ተብላ ተመለሰች። እናቷም ኢታንግ ወዳሉት ዘመዶቻቸው ይዛት ሄደች። ክረምት ነበር፣ መንገዱ ጭቃ፣ ባሮ ግጥም ብሎ ሞልቷል። በጭነት መኪና ሄጄ ጎበኘኋት። ጎጆ ውስጥ ተኝታለች፤ ፀሐይ ሳትነካት የዋለችው ያን ጊዜ ነው፣ ምን ያደርጋል። እጇን ይዤ ተቀመጥኩ። ሌላ የማደርገው ነገር አልነበረኝም። መስከረም ሳይጠባ ሞተች።

ሰው ቢበድልህ ትጣላለህ፣ ትከሳለህ፣ ቢያንስ ትረግመዋለህ። ፀሐይን ምን ታደርጋታለህ? ይኸው ስንት ዘመኔ፣ ጠዋት በወጣች ቁጥር ቂም ይዤባት እነሣለሁ፤ እሷ ደግሞ ልብሴን ታደርቅልኛለች።

ጀዊ የስደተኞች ጣቢያ የምትሠራ ጎረቤት አለችኝ። ለእንደዚያ ዓይነት ቆዳ የሚሆን የፀሐይ መከላከያ ቅባት ዛሬ እንደልብ እንዳለ የነገረችኝ እሷ ናት። ትናንት ከገበያ ስመለስ መድኃኒት ቤት ጎራ አልኩ። ሻጯ ወጣት ልጅ ናት።

«አለ፣ እማማ። ለማን ነው?»

«ለጓደኛዬ። አልቢኖ ናት፣ ፀሐይ ያቃጥላታል።»

«ዕድሜዋስ ስንት ነው?»

«ሃያ ሁለት» አልኳት።

ልጅቷ ቀና ብላ ሽበቴን አየችና ሌላ ሳትጠይቀኝ ቅባቱን ጠቀለለችልኝ።