ወንዝ ዳር ጥሎን የሄደው ሊደር

ይህ ነገር የደረሰብኝ ያለፈው ጁን ውስጥ ነው። ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል፤ ግን አንድ ሰው "እኔ ልምድ አለኝ" ሲል በሰማሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ትዝ ሲለኝም እስቃለሁ፤ ሳቄ ግን የደስታ አይደለም።

የምኖረው ካልጋሪ፣ ፋልከንሪጅ የሚባል ሰፈር ነው። ሥራዬ ሆም ኬር ነው፤ የሰው እናትና አባት አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ መድኃኒታቸውን አስውጣለሁ። አቢዴል ሰፈር የሚኖሩ እትዬ ዘነበች የሚባሉ ሴት አሉ። አልወለዱኝም፤ ግን ካናዳ ስገባ የመጀመሪያውን ዓመት የኖርኩት እሳቸው ቤት ነውና እንደ እናቴ ናቸው። ዕድሜያቸው ስድሳ ስድስት ነው። ስኳር ስላለባቸው ሐኪማቸው በደንብ እንዲራመዱ አዘዛቸው። እሳቸው ደግሞ የሐኪም ትእዛዝ እንደ ንስሐ አባት ቃል ነው የሚይዙት። ክረምቱን ሙሉ ሞል ውስጥ ሲዞሩ ከርመው በመጨረሻ፣ "ልጄ፣ የሱቅ መስታወት እያየሁ መራመድ ሰለቸኝ፤ እስቲ ዛፍ አሳዪኝ" አሉኝ።

ዛፍ አሳያለሁ የሚል ሰው ደግሞ ነበር። ኤርሚያስ እንበለው። ስሙን ቀይሬዋለሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ ቸስተርሚር አዲስ ቤት የገዛ ሰሞን በስልክ የሃይኪንግ፣ ማለትም የእግር ጉዞ፣ ግሩፕ ከፈተና ራሱን "ሊደር" ብሎ ሰየመ። ማንም አልመረጠውም። እንደ እኔ ግምት ተራራ የወጣው ሁለት ጊዜ ነው፤ የለጠፈው ፎቶ ግን ለአንድ መንደር ሰው ዕድሜ ልክ ይበቃል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ዘጠኝ ሆነን በሦስት መኪና ወጣን። ወደ ምዕራብ አንድ ሰዓት ያህል ነድተን ተራራ ሥር ካለች ትንሽ ከተማ ደረስን። ከከተማዋ ጀርባ ጫካው ይጀምራል፤ የእግር መንገዱም አንዴ በጫካ፣ አንዴ በወንዝ ዳር እየዞረ ተመልሶ ፓርኪንጉ ጋ ይመጣል።

ኤርሚያስን ያኔ ብታዩት! በሁለቱም እጁ የብረት ምርኩዝ ይዟል፤ ደረቱ ላይ ፊሽካ፣ ወገቡ ላይ የተጠቀለለ ገመድ፣ ክንዱ ላይ በየደቂቃው የሚጮህ ሰዓት። ዘመቻ የሚሄድ ነበር የሚመስለው። የእትዬ ዘነበችን ጫማ ከላይ እስከ ታች ገረመመና፣

"እትዬ፣ በዚህ ጫማ ነው ሃይክ የሚያደርጉት?" አላቸው።

"እግሬ የለመደው ይሄንን ነው ልጄ።"

"እሺ፤ ስሎው እንዳያደርጉን ብቻ።"

ግማሽ ሰዓት ያህል እንደሄድን መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። ወደ ወንዙ የሚወስደው በብርቱካናማ ቴፕ ተዘግቷል። አጠገቡ ማስታወቂያ አለ፤ ወንዙ ሞልቶ ዳሩን ስለሸረሸረው ማለፍ ክልክል ነው ይላል። ሜሮን የምትባል እዚሁ ካልጋሪ ተወልዳ ያደገች፣ ባንክ የምትሠራ ልጅ አብራን ነበረች። እሷ ብቻ ቆመች።

"ዌይት፣ ክሎዝድ ነው እኮ የሚለው። ላይክ፣ ለምንድን ነው የምንገባው?"

"ይሄ ለቱሪስት ነው" አለ ኤርሚያስ። "ፈረንጅ ነገር ማካበድ ይወዳል። እኔ ይሄን ትሬል በደንብ አውቀዋለሁ።"

ከዚያም ቴፑን በምርኩዙ ከፍ አድርጎ እንደ ታክሲ ረዳት "ግቡ፣ ግቡ" አለን።

ገባን። ዘጠኝ አዋቂዎች፣ ማንበብ የማይችል አንድም ሰው የለንም፤ ተራ በተራ እያጎነበስን ገባን። እኔም ገባሁ። ሥራ ቦታ ወለል ላይ ጠብታ ውሃ ካየሁ ሳልወለውል የማላልፍ ሰው፣ የአሮጊት ሴት እጅ ይዤ በዚያ ቴፕ ሥር አለፍኩ። ለምን ብባል መልሴ ይሉኝታ ነው። ሊደሩን ላለማስቀየም!

ብዙ ሳንርቅ የኤርሚያስ ሰዓት ጮኸ። "ፔሳችን ወርዷል፤ ፍጥነት የለንም" አለ፤ ዓይኑ እትዬ ላይ ነበር። "እናንተ ቀስ ብላችሁ ኑ። መንገዱ አንድ ነው፣ አያስትም። ፓርኪንጉ ጋ እንገናኝ።" ሌሎቹን አስከትሎ ሄደ። ሜሮን ሁለት ጊዜ ዞራ አየችን።

እትዬ ግን ደስ ብሏቸው ነበር። የዛፉን ልጥ እየዳሰሱ፣ እጃቸውን እያሸተቱ ይሄዳሉ። "አሁን ገና ሳንባዬ ተከፈተ" ሲሉኝ የረገጡት አፈር ተንዶ ይዟቸው ወረደ።

እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ገቡ። በአንድ እጃቸው የዛፍ ሥር ይዘዋል። መሬት ላይ በሆዴ ተኛሁና ሌላኛውን እጃቸውን አንጓው ላይ ያዝኩ። ውሃው ከተራራው ላይ የቀለጠ በረዶ ነው፤ የነካኝ ክንዴ ደነዘዘ። ወንዙ እግራቸውን እየጎተተው እንደሆነ በእጃቸው ይታወቀኛል።

"ልቀቂኝ ልጄ፤ አንቺም ትገቢያለሽ።"

"ዝም ይበሉ እትዬ!" አልኳቸው። እሳቸው ላይ ስጮህ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

"ኤርሚያስ! ኤርሚያስ!" እያልኩ ተጣራሁ። ከዚያ "ኸልፕ!" አልኩ። ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ። ከፊት የመለሰልኝ የለም።

የመጣው ከታች በኩል ነው። እስከ ደረቱ የሚደርስ የላስቲክ ሱሪ የለበሰ፣ ጺሙ የሸበተ ፈረንጅ የወንዙን ዳር ይዞ ውሃ ውስጥ እየተራመደ መጣ። ዓሣ ሲያጠምድ ጩኸቴን ሰምቶ ነው። ምንም ሳይጠይቅ ትከሻውን ከእትዬ በታች አስገብቶ ወደ ላይ ገፋቸው፤ እኔ ሳብኩ፤ ወጡ። ይንቀጠቀጣሉ፤ ቁርጭምጭሚታቸው ከመቼው እንዳበጠ አላውቅም። ሰውዬው ጃኬቱን አለበሳቸውና ጀርባውን ሰጥቶ ቁጢጥ አለ።

"ወንድ ጀርባ ላይ? በዚህ ዕድሜዬ?" አሉ እትዬ ወደ እኔ ዞረው።

"ይታዘሉ እትዬ፤ ዛሬ ማፈር የለም።"

አርባ ደቂቃ ያህል አዘላቸው። ሦስት ጊዜ ብቻ አረፈ። እሳቸው በአማርኛ "እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ልጅ ይውጣልህ" ሲሉት እሱ "ያ፣ ያ" ይላል። አንድ ጊዜ ብቻ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ቴፑን አላያችሁትም?" አለኝ።

"አይተናል" አልኩት።

እትዬን ጀርባው ላይ አስተካክሎ መንገዱን ቀጠለ። ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

ፓርኪንጉ ጋ ስንደርስ ሊደራችን የመኪናውን የኋላ በር ከፍቶ ሳንድዊች እየበላ ነበር። ሲያየን ሮጦ መጣና የእትዬን አንድ እጅ ያዘ። "ቀስ! ቀስ! እኔ አለሁ!" ይላል፤ ስልኩን ደግሞ ለሌላ ሰው አቀብሎ "አንሳን" ይላል። ዓሣ አጥማጁ እትዬን መኪና ውስጥ አስቀምጦ በመጣበት ተመለሰ። በድንጋጤ ስሙን እንኳን አልጠየቅነውም።

ሆስፒታል የተከተለችን ሜሮን ብቻ ናት። የእትዬ ቁርጭምጭሚት ተሰንጥቆ ነበር። ሜሮን ኮሪደሩ ላይ እያለቀሰች ነገረችኝ። "ሰምተንሽ ነበር። ድምፅ ሰማን። ኤርሚያስ 'ልጆች ናቸው የሚጫወቱት፣ ኑ' አለ። መመለስ ነበረብኝ። አይም ሶ ሶሪ።"

የዚያኑ ቀን ፎቶው ግሩፑ ላይ ወጣ። ከሥሩ እንዲህ ይላል፤ "ዛሬ በቲምወርክ አንዲት እናታችንን አተረፍን። ሊደርሺፕ ማለት ማንንም ወደ ኋላ አለመተው ነው።" ፎቶው በቀይ የልብ ምልክት ተሞላ፤ ልብ በልብ ሆነ። እኔም፣ ወንዙ ዳር የተቧጠጠው ክንዴ ሳይድን፣ ልብ ተጫንኩለት። ሁሉም ስለተጫነ። ይሉኝታዬን ውሃውም አላጠበው።

እትዬ ጄሶው ከተፈታላቸው በኋላ አንድ ክርስትና ላይ ተገናኘን። ኤርሚያስ ሞቅ ብሎታል፤ እንዴት ከወንዝ አውጥቶ በጀርባው እንዳዘላቸው ለጠረጴዛው ሁሉ ይተርካል። በመጨረሻ ወደ እሳቸው ዞሮ፣ "እትዬ፣ ይመስክሩ እንጂ! ከባድ ነበሩ እኮ!" አለ።

እትዬ ጉርሻቸውን ጨርሰው እጃቸውን ጠረጉ።

"ልጄ ኤርሚያስ፣ እኔ ያዘለኝን ሰው ማጅራት ተደግፌ ነው የወረድኩት። ዓሣ ዓሣ ይሸት ነበር። አንተን ቅድም ስስምህ ሽቶ ሸተትከኝ። ጠረንህን ቀይረህ ካልሆነ በቀር ሌላ ሰው ነው።"

ሳቁ አዳራሹን ሞላው። ኤርሚያስም አብሮ ለመሳቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

በሳምንቱ ግን አዲስ ጉዞ ለጠፈ። አሥራ አንድ ሰው ተመዘገበ። እኔ ልቤን ከፎቶው ላይ አነሳሁ፤ ከግሩፑም ወጣሁ።

አሁን ሳስበው ኤርሚያስን አልጠላውም፤ ለጥላቻ የሚበቃ ክብደት የለውም። እንቀዋለሁ፤ ይህን አልደብቅም። ግን ንቀቴ እሱ ጋ ሲደርስ አይቆምም። እሱ የማያውቀውን አውቃለሁ አለ፤ እኔ አንብቤ የገባኝን እንዳልገባኝ ሆንኩ። የትኛው እንደሚብስ ለእናንተ ልተወው። እኔ ለራሴ ፈርጄዋለሁ።