ትንፋሽ ቆራጩ

አዲሱ ማዳመጫ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠ ዕለት ምላጭ በጎሪጥ አየው። ይሄ ሰውዬ አዲስ ነገር ሲያይ ፊቱ ይቋጠራል። አዲስ ወንበር የተገዛለት ጊዜ እንኳ አሮጌውን ከዕቃ ቤት እያወጣ ስንት ጊዜ ተቀምጦበታል መሰላችሁ!

"ምንድን ነው ይሄ? ጆሮ ላይ የሚደረግ ነው ወይስ አናት ላይ የሚጫን?" አለ።

"ጋሼ፣ በዓለም ካሉት ምርጦች አንዱ ነው" አለችው ሥራ አስኪያጇ እየሳቀች። "ይልመዱት ብቻ። ከዚያ በኋላ ልንቀማዎት ብንመጣ ይደባደቡናል።"

አሮጌው ማዳመጫማ ስሙ ብቻ ነበር የቀረው። ስፖንጁ ተፈርፍሮ አልቆ በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ አናቱ ላይ የሚያርፈው ብረት ተሰብሮ በፕላስተር ታስሯል። ምላጭ ግን ከገዛ ጆሮው ለይቶ አያየውም ነበር። አውልቆ መሳቢያ ውስጥ ሲከተው ሆዱ ባባ።

የሚሠራበት ቤት መጽሐፍ በድምፅ የሚቀረጽበት ነው። ከአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ሁለት ክፍል፣ በመሀል ወፍራም መስታወት። በወዲያኛው ክፍል ግድግዳው ሁሉ ምንጣፍ ለብሶ አንባቢው ማይክራፎን ፊት ይቀመጣል፤ በወዲህኛው ምላጭ። ይሄን ቅጽል ስም ያወጡለት ድምፅ በቴፕ ክር በሚቀዳበት ዘመን ነው። ያኔ የማይፈለገውን ድምፅ ክሩን በምላጭ በጥሶ ያወጣና ጫፍና ጫፉን ያጣብቅ ነበር። ክሩ ቀርቶ ኮምፒውተር መጣ፣ ስሙ ግን ከሰውየው ጋር ቀረ።

የሚቆርጠው ምን ነበር? ትንፋሽ! ሌላው ቤት አንባቢው ሲተነፍስ ዝም ብለው ያሳልፉታል። ምላጭ ግን ሞቶ ይገኛል። "መጽሐፍ ሳንባ የለውም!" ይላል። "አድማጩ ታሪኩን ነው የሚፈልገው፤ የማንን አየር ሊሰማ ነው?" እናም ቁጭ ብሎ፣ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር፣ ትንፋሹን አንድ በአንድ ይለቅማል። በዚህ ሥራ የሚደርስበት አልነበረም፤ እሱም ይህን አሳምሮ ያውቃል።

ሚስቱ እዚያው ቤት አንባቢ ነበረች። እንዴት ያለች አንባቢ! አድማጮች እየደወሉ "ያቺ ሴትዮ ግን ትተነፍሳለች?" ብለው ሲጠይቁ ምላጭ ደረቱ ይነፋል። ማታ ቤት ሲገቡ እሷ ጫማዋን እያወለቀች ትቀልድበታለች።

"አንተ ምላጭ፣ ዛሬስ ስንቱን ትንፋሼን ጣልክብኝ?"

"ያልረባውን ብቻ።"

"እባክህ ሰብስበህ አስቀምጥልኝ፤ አንድ ቀን ይቸግረኛል።"

ቀልድ ነበር እንግዲህ። እሷ ከሞተች አሁን ሁለት ዓመት አልፏታል። የገደላት ሳንባዋ ነው፤ ቀስ እያለ ደርቆ፣ ደርቆ፣ በመጨረሻ አየር አላስገባ አለ። ሐኪሙ "ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ ማዘግየት ይቻል ነበር" ሲል ምላጭ ኮሪደር ላይ ጮኸበት። "ምንም ምልክት አልነበራትም! በየቀኑ የምሰማት እኔ ነኝ! የሷን ድምፅ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?" ብሎ ማለ፣ ተገዘተ። ከዚያ ወዲህ ያቺ መሐላ ናት አቁማ የምታስኬደው። ምልክት አልነበራትም፤ ስለዚህ የሱ ጥፋት የለም። በቃ።

አሁን የእናቷን ወንበር የያዘችው ልጁ ናት። አንድ ልጅ ናት ያለችው። ድምፅዋ ቁርጥ የእናቷን ነው፣ ቁጣዋም እንደዚያው።

ወደ ማዳመጫው እንመለስ። የመጀመሪያው ሳምንት መከራ ነበር። ምላጭ ራሱን አዞረው። ድሮ ቃሉን ብቻ ይሰማ የነበረ ሰው አሁን ምራቅ ሲዋጥ ይሰማል፣ ከንፈር ከጥርስ ሲላቀቅ ይሰማል፣ ልጁ ምሳ ሳትበላ የመጣች ቀን ሆዷ ሲጮህ ሰምቶ "ሂጂና ብዪ!" ብሎ መልሷታል።

"ይሄ ማዳመጫ አይደለም፣ ሐሜተኛ ነው!" አለ አሽቀንጥሮ ጠረጴዛው ላይ እየጣለው። "የሰው ገመና ሁሉ ያወጣል። አሮጌውን ልመልስ።"

"ገና ስላልለመዱት ነው ጋሼ" አለች ሥራ አስኪያጇ። "በደንብ የሚያውቁትን ድምፅ ይስሙበት። ጆሮ የሚለምደው በሚያውቀው ነው።"

በደንብ የሚያውቀው ድምፅ የማን እንደሆነ ይጠየቃል እንዴ? ከቀብሯ ወዲህ አንድም ቅጂዋን ከፍቶ አያውቅም። አልደፈረም። በማግስቱ ግን ሰው ሁሉ ለምሳ ሲወጣ ጥርሱን ነክሶ ከፈተ። የከፈተውም ጥሬውን ነው፣ ገና ሳይቆረጥ የተቀመጠውን፤ ልጃቸው የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትለብስ በነበረ ጊዜ የተነበበ ወፍራም ልብ ወለድ።

አቤት! ከተፍ አለች። ከመስታወቱ ወዲያ ሳይሆን እዚሁ ጉንጩ ሥር። ገጽ ስትገልጥ የወረቀቱ ድምፅ፣ ቀለበቷ ጠረጴዛውን ቀጭ ሲያደርገው፣ የሚያስቅ ቦታ ላይ ስትደርስ አፍና የምትውጣት ሳቅ። ምላጭ ዓይኑን ጨፍኖ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሐሜተኛ ያለውን ዕቃ በሁለት እጁ ጆሮው ላይ ደገፈው። ይሄን ሁሉ ዘመን በድፍን ማዳመጫ ሲሰማት ኖሮ ግማሿን አያውቃትም ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ተነፈሰች። ትንፋሹ ሲገባ ከሥሩ የሆነ ነገር ተንኮሻኮሸ፤ ደረቅ ቅጠል በመዳፍ ሲፈረፈር እንደሚሰማው ያለ ነገር። ምላጭ ዓይኑን ገለጠ። መልሶ አጫወተው። አለ። የሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይም አለ፣ ከዚያ በሚቀጥለውም። ይሄን ድምፅ ያውቀዋል። አልጋ ላይ በዋለችበት ጊዜ፣ ያለ ምንም ማዳመጫ፣ ከጎኗ ተኝቶ ይሰማው የነበረ ነው። ይሄ ቅጂ ግን ከዚያ በፊት ስንት ዓመት የቆየ!

ክው አለ። መሳቢያውን ከፍቶ አሮጌውን ማዳመጫ አወጣና ሰካው። ያንኑ ቦታ አጫወተ። ምንም የለም! ድፍን ያለ፣ የለመደው ጸጥታ። "አልሰማሁም!" አለ ባዶ ክፍል ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ። "ይኸው! አይሰማም ነበር! እውነቴን ነው!" ከላዩ ላይ ሸክም የወረደለት መሰለው። ጥፋቱ የዕቃው ነው፤ መሐላው በቦታው ነው።

ቅጂውን ሳያቆመው ቀርቶ ንባቡ ቀጠለ። እሷ ረዘም ያለ ዓረፍተ ነገር ጨርሳ አየር ስትስብ አንድ የወንድ ድምፅ ከመስታወቱ ወዲህ ጣልቃ ገባ።

"ትንፋሽሽ ሥራ አበዛብኝ እኮ! ፊትሽን ዞር፣ ከንፈርሽን ገጠም፣ ቆንጠር እያደረግሽ ሳቢው። እንደገና።"

"እሺ፣ ይቅርታ" አለች።

የራሱ ድምፅ ነበር። ይሄማ በአሮጌውም ጥርት ብሎ ይሰማል። ቁጭ ብሎ እየዘለለ እስከ መጨረሻው ሰማት፤ ምዕራፍ በምዕራፍ ስትማር። መጀመሪያ ትሳሳታለች፣ ይቆጣታል፣ ይቅርታ ትላለች። መጽሐፉ ሲያልቅ ትንፋሽዋ ጭራሽ ጠፍቷል። "ጎበዝ!" ይላታል የገዛ ድምፁ፣ "አሁን አንባቢ ሆንሽ።" ድሃዋ ሴትዮ ደስ ብሏት ሳቀች።

ከሰዓት በኋላ ልጁ ገብታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ምላጭ አዲሱን ማዳመጫ አጠለቀ። ማንበብ ጀመረች። ረዥም ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ፊቷን ዞር፣ ከንፈሯን ገጠም፣ ቆንጠር። ቅጠሉ ተንኮሻኮሸ።

"አቁሚ" አለ።

"ምነው አባዬ፣ ተሳሳትኩ?"

"አልተሳሳትሽም። ተነሺ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ።"

መጀመሪያ ሳቀች። ዓይኑ ቀልቶ ስታየው ደግሞ ነገሩ ገባትና ተቆጣች። "የእማዬን ስትሰማ ውለህ ነው አይደል? አሁንማ ጀበና ሲንጣጣ ብትሰማም የእማዬ ሳንባ ይመስልሃል! ያንን ማዳመጫ አለመድከውም፣ በቃ!" ሥራ አስኪያጇም ከልጅቷ ጋር ቆመች። "ጋሼ፣ ትንሽ ይረፉ፤ ጆሮዎ ገና አልተስተካከለም" አለችው በትሕትና። ትሕትናዋ ይበልጥ አናደደው።

ቤት ለመናት፣ መንገድ ላይ ለመናት፣ ደረጃ ላይ ቆሞ ለመናት። እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። "አያድርስ ነው አባዬ፣ ለምን ታሟርትብኛለህ?" እስከ ማለት ደረሰች። ምላጭ ከዚያ በኋላ አፉን ዘጋ። አፉን ዘጋ እንጂ እጁን አልሰበሰበም።

በዚያ ቤት አንድ ደንብ አለ። መጽሐፉ ተቀርጾ ሲያልቅ፣ ለአድማጭ ከመውጣቱ በፊት የመጀመሪያውን ምዕራፍ ሁሉም ተሰብስበው በትልቁ ድምፅ ማጉያ ይሰሙታል። ልጅቷ ያነበበችው መጽሐፍ ቀን ደረሰና ተሰበሰቡ። ምላጭ ቁልፉን ተጫነ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አለፈ፣ ከዚያ ክፍሉ በሙሉ ትንፋሽ ሆነ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ምላጭ አንድም አልቆረጠም! በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያልተለቀመ ሥራ አቀረበ።

"ጋሼ! ምን ነካዎት?" አለች ሥራ አስኪያጇ። ልጅቷ ፊቷ በርበሬ መሰለ።

"እኔን ምንም አልነካኝም" አለና ተነሥቶ አዲሱን ማዳመጫ በገዛ እጁ ልጁ ጆሮ ላይ አጠለቀው። "ስሚ። አንቺው ስሚና ፍረጂ።"

ሰማች። እጇ ቀስ እያለ ወጥቶ ደረቷ ላይ አረፈ። ምላጭ "ምንድን ነው ይሄ?" ብላ እንደምትጠይቀው እርግጠኛ ነበር፤ መልሱንም አዘጋጅቶ ነበር።

"ይሄን ያህል ይሰማል እንዴ?" አለች።

 ምላጭ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

"ታውቂዋለሽ?"

"ደረጃ ስወጣ ያፍነኛል። ከጀመረኝ ቆየ።" ማዳመጫውን አላወለቀችም፤ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ነው የምታወራው። "ፈራሁ አባዬ። አንተ እማዬን ቀብረህ ገና መቼ ቀና አልክ? ደግሞ መደበቁ አይከብድም። እማዬ አስተምራኛለች።"

"ምን ብላ?"

"እዚህ ልቀጠር ስል፣ አልጋ ላይ ሆና። ፊትሽን ዞር፣ ከንፈርሽን ገጠም፣ ቆንጠር። 'አባትሽ ትንፋሽ አይወድም፣ አታድክሚው' አለችኝ።"

ሥራ አስኪያጇ ዞር ብላ ዓይኗን ጠረገች። ምላጭ ግን አላለቀሰም፤ ቢያለቅስ ይሻለው ነበር። ኮቱን አነሣ፣ የልጁንም ቦርሳ አነሣ። እሷም አሁን እምቢ አላለችም።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ልጅቷን ጀርባዋን አዙራ እንድትቀመጥ አደረገና የደረት ማዳመጫውን ጆሮው ውስጥ ሰካ።

"በረጅሙ ተንፍሺ።"

ፊቷን ዞር፣ ከንፈሯን ገጠም፣ ቆንጠር አደረገች።

"እንዲህ አይደለም፣ በደንብ ሳቢው።"

ደገመችው፤ አሁንም ያው ነው። ሆነ ብላ እንዳልሆነ ያስታውቃል። ገላዋ ለምዶታል፣ ሌላ አተነፋፈስ ረስቷል። ሐኪሙ ማዳመጫውን ከጆሮው አወጣ። "እህቴ፣ እንዲህ ከሆነ ምንም ልሰማ አልችልም እኮ" አለ።

ምላጭ በሩን ተደግፎ ቆሞ ነበር። "ልጄ!" ብሎ ጮኸ። ኮሪደር ላይ ወረፋ የሚጠብቁት ሁሉ ዞረው አዩ። "ተንፍሺ! ጮክ ብለሽ ተንፍሺ! እኔ አልቆጣም፣ ማንም አይቆርጥብሽም! አንጀቴን አትብዪኝ፣ አፍሽን ከፍተሽ ተንፍሺልኝ!"

ልጅቷ ዞር ብላ አየችው። ከዚያ አፏን ከፈተች፣ ትከሻዋ እስኪነሣ ድረስ ሳበችው።

ሐኪሙ ማዳመጫውን መልሶ ወደ ጆሮው ሊወስድ እጁን አንሥቶ ነበር፤ እጁ መንገድ ላይ ቀረ። ምላጭ በሩ ጋ ነው የቆመው፣ ጆሮው ላይም ምንም የለም። ከዚያ ሆኖ ያንን ደረቅ ቅጠል ሰማው።