መልስ ያጣው ስድብ

አባባ ዜዙማ ሚሎጎ ልብስ ሰፊ ናቸው። ቦቦ ከተማ ውስጥ፣ ከድሮው ሲኒማ ቤት ጎን፣ በሯ ሲከፈት ግማሽ ግድግዳዋ የሚጠፋ ጠባብ ሱቅ አለቻቸው። እኔ ከመንገዱ ማዶ፣ ፊት ለፊታቸው፣ የማሽላ ቅንጬ በእርጎ ለውሼ በኩባያ እሸጣለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ቀኔን ያሳለፍኩት የስፌት መኪናቸውን ፔዳል እየሰማሁ ነው።

መጀመሪያ ግራ ያጋባኝ የፔዳሉ መቆም ነበር። አባባ እየሰፉ ለራሳቸው ያወራሉ። “አንተ ከሲታ! ላምህ ስታስል ሐኪም ትጠራለህ፣ ሚስትህ ስታስል ‘በሩን ዝጊው’ ትላለህ!” ይላሉ። ከዚያ ፔዳሉ ቀጥ ይላል። አንድ ሰው አፉን ከፍቶ አጭር ነገር ተናግሮ እስኪጨርስ ያህል። ቀጥሎ ብቻቸውን ፈገግ ብለው መስፋታቸውን ይቀጥላሉ።

“ጃጅተዋል መሰለኝ” አልኳት አንድ ቀን አጠገቤ ጎመን ለምትሸጠው ለእማማ ኮሮቱሙ።

“ማን? ዜዙማ? አንቺ ልጅ አፍሽን ዝጊ! ይሄ ሰውዬ'ኮ በሳቅ ሽንት ያስመለጠን ሰው ነው። እኔን ራሴን፣ ያውም በአዲስ ቀሚስ!”

እሷ ናት የነገረችኝ። አባባ በወጣትነታቸው ሲኒማ ቤቱ መድረክ ላይ ብቻቸውን ቆመው ሕዝብ ያስቁ ነበር። ብቻቸውን ይባል እንጂ ሁለት ነበሩ። ሥጋ ሻጩ ዬሮ ሳንጋሬ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ይቀመጣል። ዜዙማ ከተማዋ በስሙ ከምትጠራው ከቦቦ ጎሣ ነው፣ ዬሮ ከከብት አርቢዎቹ ከፉላኒ። የቦቦና የፉላኒ ሰው ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ መሰዳደብ የተፈቀደለት ዘመድ ነው፤ አንዱ ሌላውን “ሎሌዬ” ይላል፣ የሚቀየም የለም። ዜዙማ ከመድረክ ይሰድባል፣ ዬሮ ከወንበሩ ይመልሳል፣ አዳራሹ ይፈርሳል። ዬሮ መድረክ ላይ ወጥቶ አያውቅም፤ “ጌታ ተቀምጦ ነው ሎሌውን የሚያየው” ይል ነበር አሉ።

“ዬሮ ሲሞት፣” አለች እማማ ኮሮቱሙ፣ “ዜዙማ አስከሬኑ ፊት መንገድ ላይ ተጋደመ። ‘ሎሌዬ ሳላሰናብተው የት ይሄዳል?’ ብሎ። ለቀስተኛው እንባውን ትቶ ሳቀ። ደግ አደረገ፣ ወጉ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን፣ ይኸው አሥራ አንድ ዓመት፣ መድረክ ላይ አልወጣም። አሁን ፔዳሉን የሚያቆመው ለዬሮ ነው። ተራውን እየሰጠው።”

ቅንጬዬን ማማሰል ቀጠልኩ። እኔም ፉላኒ ነኝ፣ ግን አልነገርኳትም። ስሜ ኩምቦ ሲዲቤ ነው፤ በዚያ መንገድ ላይ ግን “የቅንጬዋ ልጅ” ብቻ ነበርኩ። ጫካው በታጣቂ ተሞልቶ መንደሮች ባዶ ከሆኑ፣ ጥፋቱም በፉላኒ ከተሳበበ ወዲህ፣ የፉላኒ ስም የሰማ ሰው ሁለቴ ያይሻል። ሁለተኛ ደረጃ ጨርሻለሁ፣ ዲዩላ ቋንቋ እንደ ከተማው ልጅ እናገራለሁ፣ ከየት መጣሽ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። የመጀመሪያ ልጄን ዲኬልን እንኳ ሰው ፊት በስሟ አልጠራትም ነበር። “ልጄ” ብቻ።

ባለፈው የደረቅ ነፋስ ወቅት ሲኒማ ቤቱን የተከራዩት ወጣቶች አባባን ለመኗቸው። ግድግዳው ሁሉ በፎቷቸው ተሞላ። እሳቸውም ለራሳቸው ግራጫ ኮት ሰፉ።

“እሁድ አሥር ሰዓት ላይ ነው፣ ነይ” አሉኝ። “አንቺ ልጅ ስትስቂ አይቼሽ አላውቅም፣ ጥርስ ይኑርሽ አይኑርሽ ልይ።”

“ምን ሊሉ ነው አባባ?”

“የድሮውን ነዋ።”

“የድሮውን? ዛሬ?”

“ቀልድ እንደ እርጎሽ አይበላሽም!” ብለው ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል አንድ ፉላኒ አይጠፋም። አንድ መልስ የሚሰጠኝ ካለ ይበቃኛል።”

እሁድ ዲኬልን አዝዬ ገባሁ። አዳራሹ ጢም ብሏል። አባባ በጥርሳቸው ጀመሩ፣ ስንት እንደቀራቸውና የቀሩትም እርስ በርስ እንደማይነጋገሩ። ቀጥለው ወደ ስልክ ሄዱ፣ ከዚያ ወደ ውሃ ወረፋ። ሽማግሌዎቹ እሳቸው ገና ቀልዱን ሳይጨርሱ ይስቃሉ፤ ወጣቶቹ ጎረቤታቸውን አይተው ይስቃሉ። ደህና ነበር።

ከዚያ ወደ ሦስተኛው ረድፍ ዞሩ።

“ፉላኒ ቤቱ ሲቃጠል መጀመሪያ ጥጃዋን ያወጣል። ቀጥሎ ላሟን። ሚስቱንስ ሲሉት፣ ‘እሷ እግር አላት’ ይላል!”

ተሳቀ። አባባ ዝም አሉ። ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ በየቀኑ ከመንገዱ ማዶ የምሰማው ነው። መልሱም ምላሴ ላይ ነበር፣ አባቴ ከብት ገበያ ላይ ለቦቦ ወዳጁ የሚለው። ማንም ምንም አላለም።

“ፉላኒ ሰላምታ ከሰጠህ፣ አጸፋውን ከመመለስህ በፊት ላሞችህን ቁጠር!”

እንደገና ዝም አሉ።

“የሚሰርቁት ላም ብቻ መሰለዎት?” የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። “ከከተማው ጠርገው ያውጡልን!”

ጭብጨባው ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። ሳቁም መጣ፣ ግን ሌላ ሳቅ ነበር፤ ትከሻ የማያነቃንቅ፣ ጥርስ ብቻ የሆነ። ከፊቴ ሁለት ረድፍ ያህል ራቅ ብሎ አረንጓዴ ቆብ ያደረገ ሰው ተነሳ፣ ሁለት ልጆቹን በእጁ ይዞ ሳይሮጥ ሳይዘገይ ወጣ። ከኛ እንደሆነ ማን ይነግረኛል፣ አወቅኩት።

አባባ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው መብራቱን ከለሉ። “ማነው እሱ? ተነስ እስቲ። ቦቦ ነህ?”

“አይደለሁም።”

“ታዲያ ምን አግብቶህ! እኔ የሰደብኩት ዘመዴን ነው። አንተ ጎረቤትህን ነው። ቁጭ በል።”

አንዱ አፏጨ። አባባ ወደ መድረኩ ጫፍ ቀረቡ።

“ፉላኒ የለም እዚህ ቤት? አንድ እንኳ? ስደቡኝ እንጂ፣ ቆሜ'ኮ ነው የምጠብቀው።”

ዲኬል ጀርባዬ ላይ ተቁነጠነጠች። ቂጧን መታ መታ እያደረግኩ ጫማዬን አየሁ። አጠገቤ ያለችው ሴት “ምስኪን” አለች። አባባ ሰው እስኪሳቀቅ ድረስ ጠበቁ። ከዚያ “እንግዲህ ወደ ጥርሴ ልመለስ” አሉ።

ስንወጣ በሩ ላይ ሁሉም ይናገራል። “ሽማግሌው ጊዜው አልፎበታል።” “ምን አለፈበት፣ እውነቱን ነው የነገረን!” አንዲት ወፍራም ሴትዮ ደግሞ “እኔ ስቄ ስቄ፣ ከዚያ በሳቄ አፈርኩ” ብላ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ሄደች።

በማግስቱ ከዝግጅቱ ተቆርጦ የወጣ ቪዲዮ በየስልኩ ዞረ። ላሞችህን ቁጠር የሚለው አለ፣ ጩኸቱ አለ፣ ጭብጨባው አለ። አባባ ለጮኸው ሰው የመለሱት ግን የለበትም። ግማሹ ሰው ጀግና አላቸው፣ ግማሹ ጠላት። የሚቀጥለው እሁድ ዝግጅት ተሰረዘ። አንዲት ሴት ለስፌት የሰጠቻቸውን ጨርቅ ሳትቀመጥ ወስዳ ሄደች። ሦስት ጎረምሶች ደግሞ ሊጨብጧቸው መጡ፤ አባባ እጃቸውን ከጨርቁ ሥር አላወጡላቸውም።

“የሰደቡኝስ ይስደቡኝ፣” አሉ ለእማማ ኮሮቱሙ፣ “ያመሰገኑኝ ናቸው የገደሉኝ።”

ከዚያን ቀን ጀምሮ ፔዳሉ መቆሙን ተወ። ስለማያወሩ የሚያቆሙበት ምክንያት የለም። ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ወጥ ድምፅ። ያ ድምፅ ልቤን በላው።

ስድባቸውን ልመልስላቸው እንደሆነ ለባለቤቴ ስነግረው “ተይ ኩምቦ፣ ከዚያ ከቅንጬው ጠረጴዛ ነው የምንበላው” አለኝ። እውነቱን ነው። እኔም አሰብኩበት። ዲኬል ነገ ከነገ ወዲያ አድጋ ትምህርት ቤት ትገባለች፣ ስሟ ክፍል ውስጥ ጮክ ተብሎ ይጠራል። ያን ጊዜ አንገቷን እንድትደፋ ከምታስተምራት እናት ሌላ እናት ይሻላታል አልኩ። ሐሙስ ጠዋት፣ ደንበኞቼ ኩባያቸውን እንደያዙ፣ መንገዱን ተሻግሬ በራቸው ላይ ቆምኩ።

“አንተ ቦቦ! እመቤትህ ቆማ አንተ ትቀመጣለህ? የማሽላ ጠላህን፣ ዶሎህን ጠጥተህ መርፌው ሁለት ሆኖ እየታየህ፣ የሰውን ሱሪ ሦስት እግር ታወጣለታለህ! ተነስ፣ ለላሞቼ ውሃ ቅዳ!”

  እማማ ኮሮቱሙ የያዘችውን የጎመን እስር ጣለችው። አባባ መነጽራቸውን አወለቁ።

“ማን ነሽ?”

“ኩምቦ ሲዲቤ። የባራኒ አገር ልጅ ነኝ።”

“ባራኒ!” ብድግ አሉ። “እኔ እኮ እርጎዋ ለምን ቀጠነ እላለሁ! ወተቱን ለጥጃዋ ሰጥታ እጣቢውን ለኛ ትሸጣለች!”

መጀመሪያ የሳቀችው እማማ ኮሮቱሙ ናት። አንዱ ደንበኛዬ ኩባያውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ሳቀ። ሌላው ኩባያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሄደ፤ አልተመለሰም።

አባባ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “እሁድ እዚያ ነበርሽ?”

“ነበርኩ።”

“ሰምተሽኛል?”

“ሰምቻለሁ። ፈራሁ አባባ።”

“ልጅ አዝለሽ ነበር፣” አሉ፣ “ደግ አደረግሽ።” ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን በየጠዋቱ እሳቸው ከዚያ፣ እኔ ከዚህ እንሰዳደባለን። ዲኬልንም በስሟ እጠራታለሁ። የሄደ ደንበኛ አለ፣ ስድቡን ሊሰማ ብሎ የሚመጣም አለ፤ ደህና ነን። ግን እኔ መልሴን ከጨረስኩ፣ ሰዉም ስቆ ካበቃ በኋላ፣ ፔዳሉ ወዲያው አይነሳም። አባባ ጭንቅላታቸውን ወደ ሲኒማ ቤቱ ግድግዳ ዘንበል አድርገው ትንሽ ይቆያሉ። አላቻኩላቸውም። ፔዳሉ እስኪነሳ እርጎዬን አማስላለሁ።