እናቴ የእግር መንገድ ስትፈልግ

አዲስ ሸራ ጫማ ከካርቶኑ ሲወጣ የሚሸተውን የጎማ ሽታ ታውቂዋለሽ። ሰሞኑን ለራሴ አንድ ገዝቼ ክዳኑን ስከፍት ያው ሽታ መጣና ልቤ ክው አለ። ጫማ የሚያስደነግጠው ሰው አለ ወይ ትዪኝ ይሆናል። አለ፣ እኔ ነኝ።

ሮቤ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። እናቴ ከጠዋት እስከ ማታ ሱቋ ውስጥ ተቀምጣ የምትውል ሴት ነበረች። ስኳር ተገኘባትና ሐኪሙ "በየቀኑ በእግርዎ ይሂዱ፤ መንገድ ላይ እየቆሙ ወሬ ግን የለም" አላት። "ጉዳይ ሳይኖረኝ ልዙር? አብጃለሁ እንዴ?" እያለች ቤት ገባች። ቢሆንም ያው ጎማ ጎማ የሚሸት ነጭ ሸራ ጫማ ገዝታ ከረጅም ቀሚሷ ስር አጠለቀችው፤ ደስ የሚል መንገድ መፈለጉን ደግሞ ለእኔ ሰጠችኝ።

ደስ የሚለው መንገድ የታወቀ ነበር። ወደ ጎባ የሚወስደው አስፋልት ባሕር ዛፍ አለው፤ ከተራራው የሚወርደው ነፋስም ፊት ያጥባል። ችግሩ የእናቴ ታናሽ እህት፣ አክስቴ፣ ቤቷ እዚያው መንገድ ዳር ነው። ከዓመታት በፊት አባቴ ሲሞት አክስቴ ወደ ሼክ ሁሴን መስጊድ ለዚያራ ጉዞ ሄዳ ነበር፤ ስትመለስ ለቅሶው አልቆ ጠበቃት። አፍራ ዛሬ ነገ ስትል ወራት አለፉ። እናቴም "ለለቅሶዬ ያልመጣች እህት የለችኝም" ብላ ቆረጠች። ስለዚህ የምፈልገው መንገድ አክስቴ የማትታይበት መሆን ነበረበት።

ወንዝ ዳር ሞከርን፤ ጭቃው ነጩን ጫማ በአንድ ቀን አጠቆረው። ከመናኸሪያው ጀርባ ሞከርን፤ ባጃጁ አላስኬደንም። በመጨረሻ በሲናና በኩል ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በግራም በቀኝም ስንዴ ያለበት የእግር መንገድ አገኘሁ። አሁን ቤት ተሠርቶበታል። ያኔ አመሻሽ ላይ ስንዴው እየተንሿሿ፣ አፈሩ እየሸተተ፣ ብርሃኑ በአግድም ሲመጣ እናቴ "ይሄ ሁሉ አጠገቤ ኖሮ ነው ሱቅ ውስጥ ያረጀሁት?" አለች።

አንድ ቀን ብርድ ነበርና ጥቁር ሻርፕ ተከናነበች። አመሻሽ ላይ ሱቁን ዘግተን ወጣን። ሐኪሙ እንዳዘዛት አልቆመችም፤ ሰላም ሲሏት በእጇ ብቻ እየመለሰች ትፈጥናለች። እኛ ዘንድ ጥቁር ተከናንባ በዚያ ሰዓት እንዲያ የምትሄድ ሴት ወደ ለቅሶ ነው የምትሄደው። አንዲት ጎረቤት ሻርፗን አጣፍታ ዝም ብላ ተከተለችን። ቀጥሎ ሌላዋ። ከከተማው ስንወጣ ዞር ብል መንገዱ በሴት ተሞልቷል! ማን እንደሞተ ግን አንዷም አልጠየቀችም፤ ጎረቤት ሆኖ አለማወቅ ነውር ነዋ። ይባስ ብሎ እናቴም አየቻቸውና ፊቷ አመድ መሰለ። "ሰው ሞቷል፤ ሳልሰማ ቀረሁ፤ ጉዴ ፈላ" አለችኝ በሹክሹክታ፣ እርምጃዋን እየጨመረች። እነርሱ እርሷን ይከተላሉ፤ እርሷ ደግሞ ለቅሶ ቤቱ ከፊታችን ያለ መስሏታል።

ስንዴው መሃል ደረስን። ቤት የለም። ሁላችንም ቆመን ተያየን።

"ኤኙቱ ዱኤ?" አለች አንዷ በመጨረሻ። "ኧረ ማን ነው የሞተው?"

ይኼኔ ከኋላ አንድ ባጃጅ እየበረረ መጣ። አክስቴ ናት። ባዶ እግሯን፣ ሻርፗ ተንሸራቶ፣ "እህቴን! ኦቦሌቲ ኮ!" እያለች ደረቷን እየደቃች ወረደች። ለካስ ሱቁ ተዘጋ፣ ሰፈሩ ለቅሶ ወጣ ሲባል ወሬው ከአፍ አፍ ሲዞር ቆይቶ እርሷ ጆሮ የደረሰው እናቴን ገድሎ ነው።

እናቴ ይህን ከየት ታውቅ! እህቷን እንዲያ ስታያት እልሁ ሁሉ ጠፍቷት ሮጣ አቀፈቻት። "እኔን! ማን ሞተብሽ? ንገሪኝ፣ ማን ሞተብሽ?"

አክስቴ ለቅሶዋን ከመሃል አቆመች። የእናቴን ፊት በሁለት እጇ ዳበሰችው።

"አንቺ" አለች።

ሳቅ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ፤ ማንም አልሳቀም። እናቴ መንገዱ ላይ ቁጭ አለች።

"ለኔስ መጣሽ" አለች ቀስ ብላ። "ለእርሱ ሳትመጪ።"

"አልመጣሁም" አለች አክስቴ አጠገቧ እየተቀመጠች። "አሁን ላልቅስለት?"

እናቴ ራሷን እህቷ ትከሻ ላይ ጣለች። ሁለቱም አለቀሱ። ሴቶቹም ለቅሶ ብለው የወጡ ናቸውና አንድ በአንድ ስንዴው ዳር ተቀመጡ፤ "ኢና ሊላሂ" አሉ፣ ለአባቴ ዱዓ አደረጉ፣ ደግነቱን እያነሱ አወሩ።

አባቴ የሞተ ሰሞን ልጅ ናት ተብዬ ገሰራ ዘመድ ቤት ተልኬ ነበር። ስመለስ ሰው ተበትኖ፣ ቤቱ ተጠርጎ ጠበቀኝ። ሰው ለአባቴ ሲያለቅስ ያየሁት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው።