መቀመጥ የፈራው ሾፌር

የአውቶቡስ ሾፌሩ ባዶ ወንበር ሞልቶ ሳለ በሆስፒታሉ የፊዚዮቴራፒ ክፍል ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። ሸሚዙ ተተኩሷል፣ ጫማው ያብረቀርቃል። ሌሎቹ ታካሚዎች «አባባ፣ ይቀመጡ እንጂ!» ሲሉት «ዕድሜ ልኬን ተቀምጬ የለ እንዴ!» እያለ ያስቃቸዋል።

ተራው ደርሶ ባለሙያዋ ቀኝ መቀመጫውን ጫን ስታደርገው ግን ቀልዱ ጠፍቶ ጮኸ።

«ወገብዎ አይደለም» አለችው። «እዚህ ውስጥ ያለው ጡንቻ ነርቩን ተጭኖት ነው ሕመሙ እስከ እግርዎ የሚወርደው። በእንቅስቃሴ ይለቅዎታል።»

«እስከ ልጄ ሰርግ ይለቀኛል?»

«ሊጨፍሩ ነው?»

«ጭፈራውስ አያቅተኝም» አለ፣ ዓይኑን ሰበር አድርጎ። «ከእናቷ ጎን ልቀመጥ ነው፤ ከተፋታን ወዲህ የመጀመሪያችን። ስቁነጠነጥ ካየችኝ ልሄድ የቸኮልኩ ይመስላታል።»

ባለሙያዋ ፈገግታዋን ዋጥ አድርጋ አስተኛችውና ጉልበቱን ወደ ደረቱ ሳበችለት። «ይበቃል አባባ?» አለችው።

«ጨምሪበት ልጄ» አለ ጥርሱን ነክሶ፤ «ሰርጉ ደርሷል!»